ከሕግ ወደ ሕግ፦ የአዶልፎ ሱዋሬዝ መንገድና የከፈለው ዋጋ

በማድሪድ አውሮፕላን ማረፊያ አልፋችሁ የምታውቁ ከሆነ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ የሰው ስም አይታችኋል፦ አዶልፎ ሱዋሬዝ። አብዛኞቻችን ሻንጣችንን እየጎተትን የሚቀጥለውን በረራ በር ስንፈልግ ስሙን ልብ አንለውም። ፍራንኮን የማያውቅ የለም፤ ንጉሥ ሁዋን ካርሎስንም በበጎም በክፉም ሰምተናል። በሁለቱ መካከል ቆሞ አንድን አምባገነናዊ ሥርዓት በራሱ ሕግ ያፈረሰውን ሰው ግን ከስፔን ውጭ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

ስለዚህ ሰው ለመጻፍ ያነሣሣኝ እኛ ውጭ ያለን ሰዎች ስንገናኝ የማይቀርልን ክርክር ነው። ከአሮጌ ሥርዓት ውስጥ አንድ ሰው ወጥቶ «እኔ አስተካክለዋለሁ» ሲል ወዲያው ለሁለት እንከፈላለን። ግማሹ በመጀመሪያው ቀን ንግግር ያጨበጭባል። ግማሹ ደግሞ «የእባብ ልጅ እባብ ነው» ብሎ በሩን ይዘጋል። «ይኼ ሰው የወሰደው እርምጃ ነገ ወደ ኋላ ሊመለስ የሚችል ነው ወይስ የማይችል?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። የሱዋሬዝ ሕይወት ይህንን ጥያቄ ለመልመድ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። (ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የሥርዓቱ ልጅ

አዶልፎ ሱዋሬዝ በ1932 በአቪላ አውራጃ፣ ሴብሬሮስ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። በሳላማንካ ሕግ ቢያጠናም በትምህርቱ የሚደነቅ ዓይነት ሰው አልነበረም። ያደገው በሰው ነው። ፊት ለፊት የሚያናግረውን ሰው ትከሻ ይዞ፣ ሲጋራውን አቀጣጥሎለት፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ወዳጁ ማድረግ የሚችል ሰው ነበር ይባላል።

በፍራንኮ ስፔን ሕጋዊ የሆነ የፖለቲካ ድርጅት አንድ ብቻ ነበር፤ «ሞቪሚየንቶ» ይባላል። ሱዋሬዝ መሰላሉን የወጣው በዚሁ ድርጅት ውስጥ ነው። በ1968 የሴጎቪያ አውራጃ ገዢ ሆነ፤ ከ1969 እስከ 1973 የመንግሥት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ዋና ዳይሬክተር ነበር። ፍራንኮ ኅዳር 20 ቀን 1975 ሲሞት ደግሞ በወሩ በተቋቋመው መንግሥት ውስጥ የዚሁ የሞቪሚየንቶ ዋና ጸሐፊና ሚኒስትር ሆኖ ተሾመ። እንግዲህ ልብ በሉ፦ እስር ቤት የገባ ተቃዋሚ አልነበረም፣ ከስደትም አልተመለሰም። ሰማያዊውን የድርጅት ሸሚዝ ለብሶ፣ መሐላ ፈጽሞ፣ ደረጃ በደረጃ የወጣ ካድሬ ነው።

ሐምሌ 3 ቀን 1976 ንጉሡ ጠቅላይ ሚኒስትር አድርጎ ሲሾመው ገና 43 ዓመቱ ነበር። አሿሿሙም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። በአሮጌው ሕግ መሠረት ንጉሡ የሚመርጠው አንድ ምክር ቤት ከሚያቀርብለት ሦስት ስም ውስጥ ነው። የምክር ቤቱ ሊቀ መንበር ቶርኳቶ ፈርናንዴዝ ሚራንዳ የንጉሡ የቀድሞ መምህር ነበር። ከሱዋሬዝ ጋር የቀረቡት ሁለቱ የታወቁና አንጋፋ ሰዎች ናቸው። የምክር ቤቱ አባላት የሱዋሬዝን ስም ያስገቡት ማንም አይመርጠውም በሚል ሳይሆን አይቀርም፤ ንጉሡ የፈለገው ግን እሱን ነበር።

አገሩ ደነገጠ። ተቃዋሚው «የፋሺስቶች ጸሐፊ መጣብን» አለ። ትልልቆቹ ፖለቲከኞች ከዚህ «ልጅ» ሥር አንሠራም ብለው ሚኒስትርነቱን ገፉት። አንድ የታወቀ የታሪክ ምሁር ሹመቱ እንዴት ያለ ግዙፍ ስሕተት ነው የሚል ጽሑፍ በጋዜጣ አወጣ። ግራውም ቀኙም ስለ ሰውዬው ተስማማ፦ አይሆንም!

አምስት አንቀጽ

እኔ ሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ። ሥራዬ ከሞላ ጎደል ሌሎች ሰዎች ከብዙ ዓመት በፊት የጻፉትን፣ አሁን ማንም በሙሉ የማይረዳውን፣ ግን ለአንድ ሰዓት እንኳ ሊቋረጥ የማይችል የክፍያ ሲስተም ወደ አዲስ መለወጥ ነው። በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ አዲስ የመጣ ወጣት ሁሉ መጀመሪያ የሚለው አንድ ነው፦ «ይኼን ጥለን ከዜሮ እንጻፈው!» ልምድ ያለው ደግሞ ሰዎች ቤቱ ውስጥ እየኖሩ ጣሪያው እንዴት እንደሚቀየር ያስባል። አሮጌው ሲስተም ራሱ በሩን እንዲከፍት የሚያስችል ቀዳዳ ይፈልጋል። ስለ ስፔን ሽግግር ሳነብ ያስገረመኝ ፈርናንዴዝ ሚራንዳና ሱዋሬዝ ያደረጉት ይህንኑ መሆኑ ነው።

የፍራንኮ መሠረታዊ መርሆዎች ራሳቸውን «ቋሚና የማይለወጡ» ብለው ይጠሩ ነበር። ሹመኛ ሁሉ የማለው በእነሱ ነው። ተቃዋሚው ታዲያ የሚለው «ይኼ ነገር አይታደስም፣ ይሰበራል» ነው፤ የጊዜው ቃልም «ስብራት» ነበር። ፈርናንዴዝ ሚራንዳ ግን የሕግ ፕሮፌሰር ነውና ያንኑ የሕግ ክምር አገላብጦ ቀዳዳውን አገኘ። መሠረታዊ ሕጎቹ ኮርቴስ በሚባለው ፓርላማ ስምምነትና በሕዝበ ውሳኔ ሊሻሻሉ እንደሚችሉ የሚፈቅድ አንቀጽ በዚያው በፍራንኮ ሕግ ውስጥ ነበር። ስለዚህ ከሕግ ወደ ሕግ፣ በሕግ በኩል መሻገር ይቻላል አለ።

የፖለቲካ ማሻሻያው ሕግ ዋና አንቀጾች አምስት ብቻ ናቸው። ሕገ መንግሥት አይደለም። አገሪቱን ሪፐብሊክ ወይም ፌዴሬሽን አያደርጋትም፤ ስለ ኢኮኖሚም አያወራም። የሚለው አንድ ነገር ነው፦ ከእንግዲህ ሕግ የሚያወጣው በአዋቂ ዜጎች ሁሉ ድምፅ የተመረጠ ምክር ቤት ነው። ሌላውን ሁሉ የሚመረጡት ይወስኑ።

አሁን ችግሩ ምንድን ነው? ይህን ሕግ ማጽደቅ ያለበት አሮጌው ኮርቴስ ነው። በፍራንኮ ዘመን የተሾሙ፣ ሕጉ ካለፈ ወንበራቸውን የሚያጡ ሰዎች ናቸው። በገዛ እጃቸው መቃብራቸውን ቆፍሩ ማለት ነው። ሱዋሬዝ ያኔ ያንን የሰው ችሎታውን አወጣ። ሚኒስትሮቹ አባላቱን ተከፋፍለው አንድ በአንድ አነጋገሩ። ለአንዱ በሚመጣው ሴኔት ውስጥ ተስፋ፣ ለሌላው በምርጫ ሕጉ ላይ ትንሽ ማሻሻያ፣ ለሦስተኛው «ንጉሡ ነው የሚፈልገው» የሚል ቃል ተሰጠ። ሕጉን በኮርቴስ ፊት ቆመው ከተከራከሩለት ሰዎች አንዱ የፋላንጌ መሥራች የሆነው የሆሴ አንቶኒዮ ፕሪሞ ዴ ሪቬራ የወንድም ልጅ ነበር። የአጎቱን ቤት የሚያፈርሰው የወንድም ልጅ ከሆነ ሌላው ምን ይላል?

ድምፁ በስም ጥሪ፣ በአደባባይ፣ በቴሌቪዥን ፊት ተሰጠ። ኅዳር 18 ቀን 1976፦ 425 ድጋፍ፣ 59 ተቃውሞ፣ 13 ድምፀ ተአቅቦ። በወሩ፣ ታኅሣሥ 15፣ ሕዝቡ ተጠየቀ። ተቃዋሚው አትምረጡ ብሎ ቢቀሰቅስም ከመራጩ 77 በመቶ ወጣ፤ ከወጣው 94 በመቶው «አዎን» አለ። ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ አምስት ወር ከምናምን ነው። በሐምሌ ወር «ጸሐፊ» ብለው የናቁት ሰው በገና ሰሞን ተቃዋሚውን ራሱን ከኋላው አስከትሎ ነበር።

ቅዳም ስዑር

እስከዚህ ድረስ ያለው የብልጠት ሥራ ነው። ድፍረት የጠየቀው ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

በፍራንኮ ደጋፊዎች፣ በተለይም በጦሩ ዘንድ፣ አንድ ቀይ መስመር ነበር፦ የኮሚኒስት ፓርቲ። የእርስ በርስ ጦርነቱን (ከ1936 እስከ 1939) የተዋጉት በኮሚኒዝም ላይ እንደሆነ ያምናሉ። ሱዋሬዝ መስከረም 1976 ላይ ጄኔራሎቹን ሰብስቦ ሲያነጋግር አብዛኞቹ ኮሚኒስት ፓርቲ ሕጋዊ እንደማይሆን ቃል ተገባልን ብለው ወጡ። እሱ በኋላ «ባለው መተዳደሪያ ደንብ አይሆንም ነው ያልኩት» አለ። ቃል አጠፈ ወይስ አላጠፈም? ጄኔራሎቹ እስከ መጨረሻው ይቅር አላሉትም።

በሌላ በኩል ግን ኮሚኒስቶችን ያገለለ ምርጫ ምን ዓይነት ምርጫ ነው? በድብቅ ከፍራንኮ ጋር ሲታገሉ የኖሩት ከማንም በላይ እነሱ ነበሩ። መሪያቸው ሳንቲያጎ ካሪዮ ከረጅም ስደት ዊግ አጥልቆ በሐሰተኛ ሰነድ አገር ውስጥ ገብቶ ነበር።

ጥር 24 ቀን 1977 የቀኝ አክራሪ ታጣቂዎች ማድሪድ አቶቻ መንገድ ላይ በሚገኝ የሠራተኛ ጉዳይ ጠበቆች ቢሮ ገብተው ተኮሱ። አምስት ሰዎች ሞቱ፤ አራት ቆሰሉ። ሟቾቹ ከኮሚኒስት ፓርቲው ጋር የተያያዙ ነበሩ። አገሩ ሁሉ በቀል ይመጣል ብሎ ጠበቀ። ለቀብሩ የወጣው እጅግ ብዙ ሕዝብ ግን በዝምታ ተራመደ። አንድ መስኮት አልተሰበረም፤ ሥርዓት ያስከበሩት ራሳቸው የፓርቲው ሰዎች ነበሩ። ኮሚኒስት ሲባል ቤተ ክርስቲያን የሚያቃጥል ብቻ ይመስለው የነበረ ስፔናዊ ያንን ዝምታ በዓይኑ አየ።

በወሩ፣ የካቲት 27፣ ሱዋሬዝ ከካሪዮ ጋር በአንድ ጠበቃ ቤት በምስጢር ተገናኘ። ሁለቱም ሲጋራ እየለኮሱ ለሰዓታት አወሩ። ፓርቲው ንጉሡንና የአገሪቱን ሰንደቅ ዓላማ ይቀበላል፤ መንግሥት ደግሞ ከምርጫው በፊት ሕጋዊ ያደርገዋል የሚል መተማመን የተገነባው በዚህ መንገድ ነው። በመካከላቸው ጦርነት ነበረ። ካሪዮም ለሪፐብሊኩ የተዋጋ ሰው ነው፤ በጦርነቱ ጊዜ በማድሪድ አቅራቢያ በተፈጸመ የእስረኞች ግድያ ስሙ የሚነሣ ሰውም ነው። ሱዋሬዝ ለንጹሕ ሰው እጁን አልዘረጋም፤ ካሪዮም የጨበጠው የንጹሕ ሰው እጅ አልነበረም።

ውሳኔው የተነገረው ሚያዝያ 9 ቀን 1977 ነው። ዕለቱ ቅዳም ስዑር ነበር፤ ሹማምንቱና መኮንኖቹ ለፋሲካ እረፍት ከከተማ ወጥተዋል። የባሕር ኃይል ሚኒስትሩ በተቃውሞ ሥልጣኑን ለቀቀ። ጦሩ አጉረመረመ፣ ግን አልተነሣም። ካሪዮም ቃሉን ጠበቀ፤ በሚቀጥለው ሳምንት የፓርቲው መሪዎች ንጉሣዊውን ሰንደቅ ዓላማ ሰቅለው ስብሰባ ተቀመጡ።

ያ ዓመት የእኛም ፋሲካ ከምዕራባውያኑ ጋር በአንድ ቀን ውሏል። ሚያዝያ 2 ቀን 1969 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ስፔን ተቃዋሚዋን ከመሬት በታች ባወጣችበት ወር መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ፣ በሜይ ዴይ ዋዜማ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ተገደሉ። ቀይ ሽብር ነው። የሁለቱ አገሮች ሁኔታ አንድ አልነበረም፤ ስፔን በ1960ዎቹ በፍጥነት ያደገች፣ መካከለኛ መደብ የፈጠረች፣ ወደ አውሮፓ ማኅበር ለመግባት የምትቋምጥ አገር ነበረች። ቢሆንም ሁለት አገሮች በአንድ ወር «ከጠላቴ ጋር ምን ላድርግ?» የሚል አንድ ጥያቄ ቀርቦላቸው ሁለት መልስ ሰጡ። የእኛን መልስ ዋጋ እስከ ዛሬ እየከፈልን ነው። ብዙዎቻችን በየአገሩ ተበትነን የቀረነው፣ ወይም ወላጆቻችን የተበተኑት፣ ከዚያ ዘመን ጀምሮ ነው።

ሞንክሎዋ

ሰኔ 15 ቀን 1977 ስፔን ከ1936 ወዲህ የመጀመሪያውን ነጻ ምርጫ አደረገች። የሱዋሬዝ ጥምረት አንደኛ ወጣ፤ ከ350 መቀመጫ ግን ከግማሽ በታች ነው ያገኘው። ሶሻሊስቶች በወጣቱ ፌሊፔ ጎንዛሌዝ መሪነት 118 ወሰዱ። ያ ሁሉ የተፈራው ኮሚኒስት ፓርቲ 20 ብቻ አገኘ፤ የፍራንኮ የቀድሞ ሚኒስትሮች ድርጅትም 16። ሁለቱም ጫፎች ሲቆጠሩ ትንሽ ሆነው ተገኙ! ተደብቀው እያሉ ግን ማንም መጠናቸውን ማወቅ አይችልም ነበር።

ኢኮኖሚው ግን ድምፅ ተሰጠ ብሎ አይጠብቅም። የነዳጅ ቀውሱ ስፔንን ዘግይቶ መትቷታል፤ በ1977 የዋጋ ግሽበቱ 26 በመቶ ገደማ ደረሰ። በጥቅምት ወር ሱዋሬዝ ፓርቲዎቹን ሁሉ፣ ካሪዮንም የፍራንኮን የቀድሞ ሚኒስትር ፍራጋንም ጨምሮ፣ በመኖሪያው በሞንክሎዋ ቤተ መንግሥት አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠ። የኢኮኖሚው አእምሮ ፕሮፌሰር ፉዌንቴስ ኪንታና ነበሩ።

የስምምነቱ ቁልፍ ለእንደኛ ዓይነቱ ሒሳብ ወዳድ ሰው ያምራል። ቀድሞ ደመወዝ የሚጨመረው ባለፈው ዓመት በነበረው ግሽበት ልክ ነበር። ዋጋ ደመወዝን ይገፋል፣ ደመወዝ ዋጋን ይገፋል፤ ማቆሚያ የለውም። በሞንክሎዋ ግን ደመወዝ የሚሰላው ለሚመጣው ዓመት በታቀደው ግሽበት እንዲሆን ተስማሙ። ይህ ሠራተኛው ላይ ከባድ ነው። በምላሹ መንግሥት የገቢ ግብርን ሀብታሙም እንዲከፍል አድርጎ ሊያሻሽል፣ ማኅበራዊ ዋስትናን ሊያሰፋ፣ የፕሬስና የመሰብሰብ ነጻነትን ሊያስከብር ቃል ገባ። በሚቀጥለው ዓመት ግሽበቱ ወደ 16 በመቶ ገደማ ወረደ። ከቃሎቹ ውስጥ በጊዜው ያልተፈጸሙ ብዙ ናቸው፤ ሥራ አጥነትም ከዚያ በኋላ እያደገ ሄዷል። ነገር ግን ሕገ መንግሥት የሚጻፍበት ፋታ ተገኘ።

በዚያው ጥቅምት ሌላም ነገር ሆነ። የካታላን መንግሥት መሪ ሆነው በስደት የኖሩት ሽማግሌው ታራዴያስ ወደ ባርሴሎና ተመለሱ። ሱዋሬዝ አዲሱ ሕገ መንግሥት እስኪጻፍ አልጠበቀም፤ ከሪፐብሊኩ ዘመን የቀረውን ተቋም ከነስሙ እውቅና ሰጠው። ሕገ መንግሥቱን ሰባት ሰዎች አረቀቁት፤ ከመካከላቸው ኮሚኒስት፣ ሶሻሊስት፣ ካታላንና የቀድሞ የፍራንኮ ሚኒስትር ነበሩበት። የባስክ ብሔርተኞች ግን ከአርቃቂዎቹ ውስጥ አልነበሩም፤ ይህም በኋላ ዋጋ አስከፍሏል። ታኅሣሥ 6 ቀን 1978 በሕዝበ ውሳኔ ከመረጡት 88 በመቶ ገደማ ደገፉት።

የወደቀ ግንድ

«የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል» ይላሉ አባቶቻችን። ሱዋሬዝ ላይ ምሳሩ የበዛው ገና ሳይወድቅ ነው።

በ1979 እንደገና ምርጫ አሸነፈ፤ ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። ፓርቲው ክርስቲያን ዴሞክራቱም፣ ሊበራሉም፣ ሶሻል ዴሞክራቱም፣ የቀድሞው ካድሬም የተሰባሰበበት ነበር። በአንድነት ያቆያቸው የጋራ ሥራ ሲያልቅ በፍቺ ሕጉ፣ በትምህርት ቤቶች፣ በክልሎች ጉዳይ እርስ በርስ ተናከሱ። የባስኩ ታጣቂ ድርጅት ኢታ በ1980 ብቻ ወደ 100 የሚጠጉ ሰዎችን ገደለ፤ ብዙዎቹ የጦርና የፖሊስ ሰዎች ነበሩ። በየቀብሩ ላይ መኮንኖቹ በመንግሥት ላይ ይጮኻሉ። ከሶሻሊስቶቹ መሪዎች አንዱ «የሚሲሲፒ ቁማርተኛ» ብሎ ሰደበው። በግንቦት 1980 ሶሻሊስቶቹ የመተማመኛ ድምፅ ጠየቁበት፤ ባይወድቅም ቆሰለ። ቤተ ክርስቲያንም፣ ነጋዴውም፣ በመጨረሻ ንጉሡም ፊቱን አዞረ።

ሰውዬውም የራሱ ድርሻ አለበት። ሥርዓት በማፍረስና አዲስ በመትከል የተካነውን ያህል በተተከለው ውስጥ የዕለት ተዕለት አስተዳደር ላይ ደካማ ነበር። ፓርላማ መግባት ይሸሽ ነበር፤ ሞንክሎዋ ውስጥ ራሱን ዘግቶ በቡናና በሲጋራ የሚኖር ሆነ። በአንድ ክፍል ውስጥ አንድን ሰው ማሳመን የሚችለው ሰው ከመላው ፓርላማ ጋር መከራከር አልቻለም።

ጥር 29 ቀን 1981 በቴሌቪዥን ቀርቦ ሥልጣኑን ለቀቀ። ዴሞክራሲ በስፔን ታሪክ ውስጥ እንደገና አጭር ቅንፍ ሆኖ እንዲቀር አልፈልግም አለ። ምን ለማለት እንደፈለገ የገባው ጥቂት ነበር።

ያልጎነበሱት ሦስት ሰዎች

በየካቲት 23 ገባቸው። ፓርላማው ተተኪውን ካልቮ ሶቴሎን ለመሾም ድምፅ እየሰጠ ሳለ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ሌተና ኮሎኔል አንቶኒዮ ተሄሮ ወደ 200 የሚጠጉ የሲቪል ጋርድ አባላትን አስከትሎ ሽጉጡን እንደያዘ ገባ። በቫሌንሲያ ጄኔራል ሚላንስ ዴል ቦሽ ታንኮችን መንገድ ላይ አወጣ።

ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጄኔራል ጉቲዬሬዝ ሜያዶ፣ የ68 ዓመት ሰው፣ ተነሥተው ታጣቂዎቹን «መሣሪያችሁን አስቀምጡ» ብለው አዘዙ። ገፈተሯቸው፤ ሊጥሏቸው ሞከሩ፤ አልወደቁም። ሱዋሬዝ ሊያግዛቸው ተነሣ። ጣሪያው ላይ ተተኮሰ። ከ300 በላይ የሕዝብ እንደራሴዎች ወንበራቸው ሥር ገቡ። ሳይጎነበሱ የቀሩት ሦስት ናቸው፦ ሽማግሌው ጄኔራል፣ በመቀመጫው ላይ ቀጥ ብሎ የተቀመጠው ሱዋሬዝ፣ እና ከማዶ ሲጋራውን ይዞ የተቀመጠው የኮሚኒስቶቹ መሪ ካሪዮ። ካሜራው ይቀርጽ ስለነበር ዛሬም ማየት ይቻላል። ሃቪዬር ሴርካስ የተባለ ጸሐፊ በ2009 ያሳተመው ወፍራም መጽሐፍ በሙሉ የሚያጠነጥነው በዚህች ቅጽበት ላይ ነው።

ጄኔራሉ በወጣትነታቸው ከፍራንኮ ጎን ተዋግተዋል፤ ካሪዮ በተቃራኒው ወገን። ሱዋሬዝ የፍራንኮ ካድሬ ነበር። ሦስቱም የየራሳቸው ሰዎች «ከሃዲ» ብለው የጠሯቸው ናቸው፤ ጄኔራሉን ጦሩ፣ ሱዋሬዝን ሞቪሚየንቶው፣ ካሪዮን የድሮ ጓዶቹ። ከጥይቱ በታች ቀጥ ብለው የቀሩት እነዚህ ሦስቱ መሆናቸው እኔን ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ ንጉሡ የጦር አለባበሱን ለብሶ በቴሌቪዥን ቀርቦ መፈንቅለ መንግሥቱን አወገዘ፤ በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ታጋቾቹ ተለቀቁ። የታገተው ፓርላማ በቀናት ውስጥ ተመልሶ ድምፁን ሰጠ።

ያልተዘጋው ሒሳብ

እስካሁን የጻፍኩትን ብቻ ያነበበ ሰው ስፔን ሁሉንም ነገር በደስታ የጨረሰች ሊመስለው ይችላል። አይደለም። ለማስተርስ በተማርኩበት አገር አብራኝ የተማረች አንዲት የአንዳሉሲያ ልጅ ነበረች። የቅድመ አያቷ አስከሬን የት እንደተጣለ ቤተሰቡ እስከ ዛሬ አያውቅም፤ በ1936 ከቤቱ ተወስዶ አልተመለሰም። ስለ ሱዋሬዝ አንድ ቀን በአድናቆት ሳነሣላት በትዕግሥት አዳመጠችኝና «ሰላሙን ያገኛችሁት በማን ዝምታ እንደሆነ ጠይቁ» አለችኝ።

ልክ ናት። በጥቅምት 1977 የወጣው የምሕረት ሕግ የፖለቲካ እስረኞችን ፈታ፤ ተቃዋሚው አጥብቆ የጠየቀው ነበር። ያው ሕግ ግን የፍራንኮን ገራፊዎችና ገዳዮችም ከፍርድ ነጻ አወጣ። በየመንገዱ ዳር በጅምላ የተቀበሩት ሰዎች ጉዳይ ሳይነሣ ቀረ። ስፔን ወደዚህ ነገር በሕግ የተመለሰችው ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ2007 ነው፤ በ2022 ደግሞ ሌላ ሕግ ጨመረች። ቁፋሮው ዛሬም አላለቀም፤ የሟቾቹ ልጆች ግን እያለቁ ነው።

በሙያዬ ቋንቋ ብናገር፣ አዲሱ ሲስተም ሥራ እንዲጀምር ተብሎ አንድ ትልቅ ጉዳይ «በኋላ እናየዋለን» ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። እንዲህ ያለ ምዝገባ አንዳንዴ ግድ ነው። ያለሱ የካቲት 23 ይቅርና ቅዳም ስዑርም ላይመጣ ይችል ነበር። ግን ዕዳ ዕዳ ነው፤ ወለዱን የሚከፍለው የተበደለው ቤተሰብ ነው እንጂ ተደራዳሪው አይደለም። ከሱዋሬዝ መማር የሚፈልግ ሁሉ ይህንንም አብሮ መማር አለበት።

እኛ ምን እንያዝ?

«ሱዋሬዝ ይስጠን» ብዬ ለመጸለይ አይደለም የጻፍኩት። ሰው ከውጭ አይመጣም፤ ሱዋሬዝም ብቻውን ምንም አልነበረም። ሕጉን ያነበበ ፈርናንዴዝ ሚራንዳ፣ ሥልጣኑን ለመቀነስ የተስማማ ንጉሥ፣ በቀብር ላይ በዝምታ የተራመደ ተቃዋሚ፣ ጡጫውን ያጠፈ የሠራተኛ ማኅበር ነበረው። በተለይ ካሪዮን አስቡት። ሱዋሬዝን ለማመን አንድም ምክንያት አልነበረውም። ያመነውም ስለ ሰውዬው ልብ ሳይሆን ስለ እርምጃው ነው፦ አንዴ ፓርቲው በሕግ ከተመዘገበ፣ አንዴ ድምፅ ሳጥን ውስጥ ከገባ፣ ነገሩን መመለስ ከባድ መሆኑን አይቶ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ለውጥ አመጣለሁ የሚል ሰው በየትኛውም አገር ሲነሣ፣ እኔ የምይዛቸው መለኪያዎች ሦስት ናቸው። የትናንት ሸሚዙን ቀለም ሳይሆን ዛሬ የፈረመውን ወረቀት ማየት፤ ወረቀቱ የራሱን ሥልጣን ይቀንሳል ወይስ ይጨምራል ብሎ መጠየቅ፤ ከጠላቱ ጋር በአንድ ክፍል ተቀምጦ የተስማማውን በአደባባይ ፈጽሞታል ወይ ብሎ መመርመር። ንግግር በዚህ ሚዛን ላይ ክብደት የለውም። ጭብጨባም፣ ስድብም እንዲሁ።

ሱዋሬዝ በ1982 ሌላ ትንሽ ፓርቲ መሥርቶ ሁለት ወንበር ብቻ አገኘ፤ የቀድሞ ፓርቲው ከ168 ወደ 11 ወርዶ ጠፋ። በ1991 ፖለቲካ ተወ። ባለቤቱና ትልቋ ሴት ልጁ በካንሰር ሞቱበት፤ እሱም የመርሳት በሽታ ያዘው። ጠቅላይ ሚኒስትር እንደነበረ ረሳ። በ2008 ንጉሡ የአገሪቱን ከፍተኛ ኒሻን ይዞ ቤቱ ሲመጣ ማን እንደመጣ አላወቀውም፤ ልጁ ያነሣው ፎቶግራፍ ሁለቱን ከኋላቸው ያሳያል፣ ንጉሡ እጁን በትከሻው ላይ አድርጎ። መጋቢት 23 ቀን 2014 ሲሞት በ1980 የሰደቡት ሁሉ ለስንብት ተሰለፉ። በአቪላ ካቴድራል በመቃብሩ ላይ የተጻፈው አጭር ነው፦ መስማማት ተችሎ ነበር።

«ተችሎ ነበር» የሚለው ቃል ለስፔናውያን ራሳቸው የዛሬ ወቀሳ ሆኗል፤ ፓርላማቸው አሁን ተስማምቶ ማደር አቅቶታል። ለእኛ ደግሞ ማስረጃ ነው። በአንድ ወር፣ በአንድ ፋሲካ፣ ሌላ መልስም ነበር።

ቸር ይግጠመን።